የሻለቃ ድንበሩ ግድግዳ

«የጊታርህ ድምፅ ይህን ግድግዳ አልፎ ከመጣ፣ በዚያው ቀን ክፍሌን ትለቃለህ!» አሉ ሻለቃ ድንበሩ ተከራያቸውን፣ ሁለቱን ክፍሎች የሚለየውንና በእሳቸው በኩል ገና ትናንት ኖራ ያስቀቡትን ግድግዳ በከዘራቸው እየጠቆሙ። ክፍሉን ለእህታቸው ልጅ ፈልገውታል፤ የጠፋቸው ሰውየውን የሚያስወጡበት ሰበብ ነው።

ተከራዩ የጊታሩን ድምፅ የሚያጎላ መለማመጃ አምፕሊፋየር ሊገዛ ሲወጣም ሱቅ ድረስ ተከተሉት። ቁም ሣጥን የሚያህለውን መታ መታ እያደረጉ፣ «ወንድ ልጅ እንዲህ ያለውን ነው የሚገዛ!» አሉት። እሱ ግን ምሳ ዕቃ የምታህለዋን መርጦ በብብቱ ሸጉጦ ገባ።

በማግስቱ ሻለቃ በራቸውን ዘግተው ዋሉ። አመሻሹ ላይ በሩን በርግደው ወጡና ጎረቤቱን ሁሉ ለምስክርነት ጠሩ።

«እወንበሬ ላይ ተቀምጬ ጋዜጣ ሳነብ ነው ድምፁ የመጣብኝ! ዜማውን ልንገርህ? አንቺሆዬ ነው! በል፣ አሁኑኑ ዕቃህን አውጣ!»

ተከራዩ ቀና ብሎ አያቸው። ከኪሱ መሐረብ አወጣና ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ አቀረበላቸው።

«ልክ ነዎት ሻለቃ፣ አንቺሆዬን ነበር የምጫወተው። ብቻ ሰው ፊት ነውና፣ መጀመሪያ ጆሮዎ ላይ የቀረውን ኖራ ይጥረጉት።»