አንጓች የመረጠችው ቢላዋ

በድሮ ዘመን ነው ልጆች፤ ክብሪት ባልነበረበት፣ ጫካው ከሰው ደጃፍ በሚጀምርበት ዘመን። ጠጋ በሉና ስሙኝ።

ደምለው የሚባል ማር ቆራጭ ነበረ። ልቡ ደግ ነው፣ ክንዱ ብርቱ ነው፤ ዓይኑ ግን የሚያብረቀርቅ ነገር ካየ አይመለስም። አንጓች የምትባል ሚስት ነበረችው። እሷ ደግሞ ነገር ሳታገላብጥ አትገዛም። እንስራ እንኳ ስትገዛ አንኳኩታ፣ አሽትታ፣ ውሃ ሞልታ ነው።

በዚያ አገር ሁለት ሰዎች ቢላዋ ይሸጡ ነበር። አንዱ ዘውገ የሚባል ነጋዴ ነው። ምላሱ ቅቤ፣ ሆዱ ሌላ። ሁለተኛው አያ እሸቴ የሚባሉ ቀጥቃጭ ናቸው። እጃቸው ወርቅ፣ ዕድላቸው መራራ። የዚያ ዘመን ሰው ቀጥቃጭን «ቡዳ ነው፣ ዓይኑ ይበላል» እያለ ይሸሽ ነበር። ማረሻውን ያሠራቸዋል፤ እጃቸውን ግን አይጨብጥም፤ ልጁንም በደጃቸው አያሳልፍም። ይህን ወሬ ከሁሉ ይበልጥ የሚነዛው ማን መሰላችሁ? ዘውገ ነው፤ ገበያውን ለብቻው ሊበላ።

አንጓች የመጀመሪያ ልጇን አረገዘች። እንደ አገሩ ልማድ እናቷ ቤት ሄዳ ልትወልድ ተነሣች። የእናቷ አገር ከጫካው ማዶ ነው።

«ጫካ ያለ ቢላዋ አይገባም» አለ ደምለው። ማራቸውን ይዘው ገበያ ወረዱ።

ዘውገ ከሩቅ አይቷቸው እጅ ነሣ። «እንኳን መጣህ የኔ ጌታ! ይህን እየው፤ አፎቱ ቀይ ከፈይ ነው። ይህን እየው፤ እጀታው ቀንድ ነው፣ በናስ ተለብጧል። ይህንንስ ብታየው፤ ፊትህን ታይበታለህ!»

ደምለው ፊቱን አየበት። ደስ አለው።

አንጓች ቢላዋውን ተቀብላ አገላበጠችው። «ወንድሜ፣ ብረቱ እጀታው ውስጥ እስከ የት ይገባል?»

«አይ እመቤቴ፣ የውስጡን ማን ያየዋል? ላዩን እይ እንጂ!»

«ጀርባውስ ለምን ሳሳ?»

«እንዲቀልሽ ነዋ!»

«እንጨት ልምታበት?»

«ኧረ ተይ፣ ውበቱ ይበላሻል!»

አንጓች ቢላዋውን ዘረጋችለት። «ለመታየት ጥሩ ነው። እኛ ግን መንገደኞች ነን።»

ደምለው ግን ከመሃል ቀማትና በማር ለወጠው። ወገቡ ላይ ታጥቆ ወዲያ ወዲህ አለ።

«እንግዲያው እኔ አያ እሸቴ ዘንድ እሄዳለሁ» አለች።

ደምለው ደነገጠ። «እንዴ አንጉ! በዚህ ሆድሽ ቀጥቃጭ ቤት? ዓይኑ ቢያርፍብሽስ?»

«ሆዴን የሰጠኝ እግዜር ነው፣ የሚጠብቀኝም እሱ ነው» ብላው ሄደች።

አያ እሸቴ ወናፋቸውን ሲነፉ ደረሰች። እርጉዝ ሴት ደጃቸው ላይ ቆማ አይተው አያውቁም። እንዳትፈራቸው ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

«ኧረ አያ እሸቴ፣ እንደምን ዋሉ? ዞር ይበሉና ሰላም ይበሉኝ» አለችና እጇን ዘረጋች።

እጃቸውን በኩታቸው ጠረጉ። እንደገና ጠረጉ። ከዚያ ጨበጧት።

«ቢላዋ ፈልጌ ነው።»

«ለምን ሥራ ልጄ?»

ይህን ጥያቄ ዘውገ አልጠየቃትም ነበር። «ለመንገድ። ጫካ ላቋርጥ ነው።»

ረጅም ቢላዋ አነሡ። «ይህ ለሰንጋ ማረጃ ነው፤ ቁጥቋጦ ውስጥ ያስቸግርሻል» ብለው መለሱት። ቀጭን ቢላዋ አነሡ። «ይህ ለሥጋ መዘልዘያ ነው፤ እንጨት ሲነካ ይታጠፋል» ብለው መለሱት። ከጥግ አንድ ጥቁር ቢላዋ አወጡ። ከስንዝር ብዙም አይረዝም፤ ጌጥም የለው።

«ይህን ጨብጪው። እጅሽን ሞላው? ብረቱ እስከ እጀታው ጫፍ አንድ ወጥ ነው። ግራና ቀኙ ወይራ ነው፤ ዝናብ ቢመታው አያንሸራትትሽም። ጀርባው ወፍራም ነው፤ በዱላ ቢመቱት ግንድ ይፈልጣል፣ ባልጩት ቢመቱበት እሳት ይተፋል። ስለቱ ቢደነዝዝ የወንዝ ድንጋይ ይበቃዋል።»

ቢላዋውን አፎቱ ውስጥ ከተው ዘቅዝቀው አራገፉት። አልወደቀም። «ስትሮጪ እንዳይጠፋብሽ፣ ስትወድቂ እንዳይወጋሽ» አሉ።

በቅል ያመጣችውን ማር ብትሰጣቸው ግማሹን ገልብጠው ግማሹን መለሱላት። «ይህ ለአራስነትሽ ይሁን።»

አንጓች ቢላዋውን መቀነቷ ሥር ሻጠችው፤ ባልና ሚስት መንገድ ጀመሩ።

ጫካው መሃል ሲደርሱ ሰማዩ ጠቆረ፤ ዝናቡ ወረደ፤ ወንዙ ሞላ። ወደ ፊት አይኬድ፣ ወደ ኋላ አይመለስ። ይህ ሳያንስ አንጓች ወገቧን ይዛ ዛፍ ሥር ተቀመጠች።

«ደምለው፣ ቀኑ ሳይደርስ መጣብኝ!»

ደምለው ያን የሚያብረቀርቅ ቢላዋ መዘዘ። ዳስ ሊሠራ ቅርንጫፍ መታበት፤ ተጣመመ። አቃንቶ መታበት፤ እጀታው ተነቃነቀ። ለሦስተኛ ሲመታበት ብረቱ ተፈናጥሮ ገደል ገባ! እጁ ላይ የቀረው ቀንዱ ብቻ ነው። ቢያየው፣ ብረቱ እጀታው ውስጥ የገባው የጥፍር ያህል ነው፤ የያዘውም ሰም ነበር።

ዝናቡ ውስጥ ቆሞ አለቀሰ። «ሚስቴን በከፈይ ሸጥኳት!»

«ኋላ ታለቅሳለህ» አለችው። «አሁን ይህን እንካ።»

ጥቁሩን ቢላዋ ተቀበለ። ቅርንጫፍ መታበት፤ ቆረጠ። ደገመ፤ ቆረጠ። ሰለሰ፤ ቆረጠ። ዳስ ሠርቶ በቅጠል ከደነላት። ከዚያ የደረቀ ግንድ አገኘ፤ ላዩ ግን በዝናብ ርሷል። ቢላዋውን ግንዱ ላይ አስቀምጦ ጀርባውን በዱላ ቢለው ግንዱ ለሁለት ተፈለጠ። ውስጡ ደረቅ! ደረቁን እንደ ላባ አሳስቶ ፋቀው። ለንብ ማጨሻ ከሚይዘው ደረቅ ሣር ጨመረበት። ከሣሩ ጋር የሚይዘውን ባልጩት አውጥቶ በቢላዋው ጀርባ መታ። ብልጭ አለ፤ ጠፋ። ብልጭ አለ፤ ጠፋ። ብልጭ አለ፤ ያዘ!

አንጓች እሳቱ ጎን ሆና ጮኸች። «አምላኬ ሆይ! በሰላም ካስገላገልከኝ፣ ልጁም ወንድ ከሆነ፣ ክርስትና የሚያነሡት አያ እሸቴ ናቸው። ስለቴ ነው!»

ፀሐይ ሳትጠልቅ ወንድ ልጅ ተወለደ። ሌላ ሰው የለምና ደምለው ራሱ ተቀበለው። እሷ እንደነገረችው ከነጠላዋ ክር መዝዞ እትብቱን አሰረ፤ ቢላዋውን በእሳት አግሎ፣ አቀዝቅዞ ቆረጠ። ልጁ አለቀሰ። አባትየውም አለቀሰ። አንጓች ሁለቱን እያየች ሳቀች።

ወንዙ ሲጎድል ተሻግረው እናቷ ቤት ገቡ። ዕልልታው ቀለጠ። አርባው ሲቃረብም ወደ መንደራቸው ተመለሱ።

ያ ሚስቱን «ቀጥቃጭ ቤት አትሂጂ» ያለው ደምለው፣ ልጁን ታቅፎ በቀን፣ ሰው እያየው፣ አያ እሸቴ ደጅ ቆመ።

«አያ እሸቴ፣ ይህን ልጅ ክርስትና ያንሡልኝ።»

«እኔ?» አሉ። «ልጄ፣ ሰው ምን ይላል?»

«ሰውማ ሲል ኖረ። እኔም ስል ኖርኩ። ጫካ ውስጥ ሚስቴንና ልጄን ያተረፈልኝ ግን የእርስዎ እጅ ነው።» ልጁን አስታቀፋቸው።

አያ እሸቴ ልጁን ደረታቸው ላይ አስጠጉት። እንባቸው ልጁ ላይ እንዳይወርድ ቀና አሉ።

በክርስትናው ዕለት ሰው አጉረመረመ። ቄሱ ግን «የእናትየው ስለት ነው፤ ስለት አይታጠፍም» ብለው ልጁን አጠመቁት። ስሙንም ስለት አሉት።

ድግሱ ላይ ደምለው ተነሣ። ከዘውገ ቢላዋ የቀረውን የቀንድ እጀታ ከፍ አድርጎ አሳየ፤ ጫካ ውስጥ የሆነውን ሁሉ ተናገረ። «እግዜር ይስጥልኝ አያ እሸቴ!» ብሎ በሰው ፊት ጉልበታቸውን ሳመ።

ይህን ጊዜ ሰዉ ከዘውገ የገዛውን ቢላዋ እየመዘዘ እንጨት መታበት። የአንዱ ተጣመመ፤ የአንዱ ተሰበረ፤ የአንዱ እጀታው ወለቀ። ለድግሱ መጥቶ የነበረው ዘውገ በጓሮ ሊያመልጥ ሲል ተያዘ።

«ይገረፍ!» አለ ሰዉ።

«ተዉት» አሉ አያ እሸቴ። «ቢላዋችሁን አምጡልኝ፤ ከእጀታ ጋር አንድ ወጥ አድርጌ ደግሜ እሠራዋለሁ። እሱ ወናፉን ይንፋልኝ።»

ዘውገ «ቡዳ» ባለው ሰው ቤት፣ ዓይኑን ጭስ እያቃጠለው፣ ላቡ እየተንጠፈጠፈ፣ የሸጠው ቢላዋ ሁሉ ተቀጥቅጦ እስኪያልቅ ወናፍ ነፋ። ሰዉም ቢላዋውን ሊወስድ ሲመጣ አንድ በአንድ የአያ እሸቴን እጅ ጨበጠ።

እና ልጆቼ፣ ቢላዋ ስትመርጡ አፎቱን ትታችሁ ብረቱን እዩ። ሰውንም ወሬውን ትታችሁ ሥራውን እዩ። በጭንቅ ቀን የደረሰላችሁን ደግሞ በጓዳ ብቻ አታመስግኑት፤ ሲሰድቡት የኖሩት በአደባባይ ነውና፣ ምስጋናውም አደባባይ ይውጣለት።

ተረቴ አለቀ። ለነገረኝ ነፍስ ይማር፤ ለሰማችሁኝ ዕድሜ ይስጥልኝ።