የገዛ ጎማው የቀደመው ሰው

በእኛ በመቂ አንድ ሰው አሮጌ ዕቃ ሊገዛ መሄዱን ሲናገር «ተንበርክከህ ነው የምትገዛው?» ብሎ የሚጠይቀው አይጠፋም። ነገሩን የማያውቅ እንግዳ ጸሎት ያሳሰቡት ይመስለውና «እሱ ይርዳኝ» ብሎ ያልፋል። የጸሎት ነገር አይደለም። ከአባባሉ በስተጀርባ የዘርጋው ታሪክ አለ፤ እሱን ሲሰማ ያልደነገጠ ሰው ደግሞ እስካሁን አልተገኘም።

ዘርጋው የሽንኩርት ነጋዴ ነው። በንግዱ የዋዛ ሰው አይደለም። ገበሬው የቱንም ያህል ቢምል ቢገዘት፣ እጅጌውን ሰብስቦ ክንዱን እስከ ብብቱ ጆንያው ውስጥ ሳይከት፣ ከሥር አንድ ሁለት ራስ መዝዞ ሳያሸት አይገዛም። «ላዩማ የሁሉም ያምራል» ይላል። እንግዲህ ይሉኝታ አንቆ የያዘው ይህን ሰው ነው።

እናቱ ወይዘሮ የሺመቤት የቆየ ስለት ነበረባቸው። ዘርጋው በልጅነቱ ኩፍኝ ይዞት ሊሞት ሲል «ቁልቢ ገብርኤል፣ ይህን ልጅ ብታተርፍልኝ እሱኑ ይዤ ጃንጥላ አስገባለሁ» ብለው ተሳሉ። ልጁ ዳነ፣ አደገ፣ ራሰ በራም ሆነ። ስለቱ ግን አንዱን ዓመት ችግር፣ ሌላውን ዓመት ሐዘን እየገባበት ሳይደርስ ቀረ። አሁን ደግሞ አስም አለባቸው፤ በታኅሣሥ ብርድ ድንኳን ውስጥ ማደር አይችሉም። ወገባቸውም ረጅም መንገድ ተቀምጦ መሄድን እምቢ ብሏል። «ስለቴን ሳላደርስ ብሞት ምን ብዬ እቀርባለሁ?» እያሉ በልጃቸው ፊት ያለቅሳሉ።

በዚህ መሃል አቶ ድንበሩ የሚባሉ ሰው ተጎታች ቤት ሊሸጡ ነው የሚል ወሬ ሰማ። ድሮ የመንገድ ሠራተኞች ከመኪና ኋላ እየጎተቱ ያድሩባት የነበረች፣ በሁለት ጎማ የቆመች፣ አልጋና መስኮት ያላት ትንሽ የቆርቆሮ ቤት ናት። ዘርጋው በደስታ ዘለለ። ፒክአፑ ይጎትታታል፤ እናቱ መንገዱን ተኝተው ይሄዳሉ፤ ቁልቢም ሲደርሱ እዚያችው ውስጥ ያድራሉ።

እናቱ አልጋዋን እንዲሞክሯት አብረው ሄዱ። አቶ ድንበሩ «ግቡ፣ ግቡ! በር ላይ ቆሞ ንግድ የለም» ብለው ወደ ተጎታቿ ውስጥ አስገቧቸው። ግድግዳዋ አዲስ ሰማያዊ ቀለም ተቀብቷል፣ መስኮቷ ላይ መጋረጃ ተሰቅሏል፣ ጠረጴዛዋ ላይ ጥብስ ይንጫጫል። አቶ ድንበሩ በገዛ እጃቸው ዘርጋውን አጎረሱት። አንድ ጉርሻ ያጣላል ብለው ደገሙት። እናቱንም አልረሷቸውም።

በልተው ወጥተው ዙሪያዋን ሲመለከቱ የወይዘሮ የሺመቤት ዓይን አጥር ሥር የተጣለ አሮጌ ጎማ ላይ ዐረፈ። አንዱ ጠርዙ ክሩ እስኪታይ ድረስ ተበልቷል፤ ሌላው ጠርዙ ደህና ነው። የተጎታቿ ጎማዎች ደግሞ አዲስ ናቸው። ባላቸው፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ዕድሜ ልኩን ባለጋሪ ነበር። የልጃቸውን እጅጌ ሳብ አደረጉ።

«ዘርጋው፣ ያ ጎማ ከሷ የወለቀ ነው፤ ባንድ ወገን ነው የተበላው። ጎማዎቿን የሚይዘው ብረት፣ አክሰሏ፣ ደህና ቢሆን እንዲህ አይበላም። አባትህ ጋሪ ሲገዛ ፈረሱን ከማየቱ በፊት ተንበርክኮ ጎማውን ይነቀንቅ ነበር። ከተነቃነቀ ትቶት ይመጣል።»

«እማዬ፣ ቀስ በይ፣ ይሰሙሻል!»

«ይስሙኛ!»

አቶ ድንበሩ ሰምተው ነበር መሰል ፈገግ አሉ። «ታቿን ማየት ትፈልጋለህ ልጄ? ክሪክ አለኝ፤ አንስተህ ጎማዋን ነቅንቀው።»

ዘርጋውን ላብ አጠመቀው። የጥብሱ ጣዕም ገና ከአፉ አልጠፋም። አጉርሶ ካበላው ሰው ቤት ሥር ተንበርክኮ ጉድፍ መፈለግ! ቢሞት ይሻለዋል።

«ኧረ በስመ አብ! የበላሁበትን ቤት? እርስዎን ሳላምን ማንን ላምን ነው?»

«እንዲያ ካልክ» አሉ አቶ ድንበሩ። ክሪኩን ከነጭራሹ አላመጡትም፤ ይኑራቸው አይኑራቸውም እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። ዘርጋው ገንዘቡን ቆጥሮ ከፈለና ተጎታቿን ከፒክአፑ ኋላ አስሮ ወደ ቤቱ ጎተታት።

ታኅሣሥ አሥራ ሰባት ጠዋት ተነሡ። ዘርጋው ለበዓሉ ብሎ የጎማዎቿን ቸርኬ በገዛ እጁ ቢጫ ቀብቷል፤ ራሱም ነጭ በነጭ ለብሷል። እናቱ ባለዘርፉን ጃንጥላ ጎናቸው አስተኝተው አልጋዋ ላይ ጋደም አሉ። አዋሽን ሲያልፉ ሜዳው ላይ ተጎታቿ ድምፅ እንኳ አላሰማችም። የጨርጨርን ተራራ ወጥተው ቁልቁለቱን ሲጀምሩ ግን ከኋላ አንዳች ነገር ሲፋጭ ተሰማው። «ድንጋይ ይሆናል» አለና ነዳ።

ትንሽ እንደሄደ አንድ ጎማ ብቻውን እየተንከባለለ በቀኝ በኩል ቀደመው።

ዘርጋው ሳቀ። «የየትኛው ምስኪን ጎማ ይሆን!» ከማለቱ ጎማው ድንጋይ መትቶ ወደ ላይ ነጠረ፤ ቸርኬው በፀሐይ አብለጨለጨ። ቢጫ ነው።

ሳቁ አፉ ላይ ደረቀ። ጎማው ወደ ገደሉ ዘሎ ጠፋ። ወዲያው ፒክአፑን አንዳች ኃይል ከኋላ ጨምድዶ ያዘው፤ ብረት አስፋልት ሲያርስ የሚሰማው ጩኸት ተራራውን ሞላው። እንዴት እንዳቆመ ዛሬም አያውቅም። ወርዶ ሲሮጥ ተጎታቿ በቀኝ ጎኗ ወድቃ፣ ጣሪያዋ ከገደሉ ጠርዝ ወጥቶ፣ መጎተቻው ብረት ብቻ ይዟት አገኛት። በሯ ከሥር ሆኖ መሬቱ ላይ ተደፍኗል።

«እማዬ!»

የተጎታቿን ወለል በቡጢ ደበደበ።

«እማዬ! እማዬ!»

ጎማው ድንጋይ እየመታ ወደ ገደሉ ሲወርድ ይሰማል፤ ከቤቲቱ ግን ትንፋሽ የለም። ዘርጋው አስፋልቱ ላይ ተንበረከከ። ከፊቱ ድቅን የሚልበት ያ ጉርሻ ብቻ ነው። በጉርሻ እናቴን ሸጥኳት አለ በልቡ።

ከኋላቸው ይመጣ የነበረ የጭነት መኪና ሹፌር አቁሞ ወረደ። «ሰው አለበት እንዴ?»

«እናቴ!»

ሹፌሩ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። ከዚያ ጊዜ ሳያጠፋ ገመድ አምጥቶ ተጎታቿን ከራሱ መኪና ጋር አሰራት፤ ወደ ላይ በቀረው መስኮት ወጥቶ መስታወቱን ሰበረና አጮለቀ።

«እናት! ይሰማዎታል?»

ከፍራሹ ሥር ሳል ተሰማ። ቀጥሎ ደግሞ «ቀስ በል፣ ጃንጥላዬን እንዳትረግጥ!» የሚል ድምፅ መጣ።

ዘርጋው እንደ ሕፃን አለቀሰ። እናቱን በመስኮቱ አወጧቸው። ፍራሹ ላያቸው ላይ ወድቆ አትርፏቸዋል፤ ግንባራቸው ካበጠ በቀር ምንም አልሆኑም። መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ጃንጥላቸውን ጭናቸው ላይ አጋደሙ።

ሹፌሩ ጎማው የወለቀበትን ጫፍ ጎንበስ ብሎ ሲያይ «ጉድ! ጉድ!» አለ። «ጎማውን የሚያሽከረክረው ኩሽኔታ እኮ ደቅቆ ዱቄት ሆኗል። አክሰሉን ተመልከተው፣ ተበልቶ ግማሽ ቀርቷል። ይህ የዓመታት ጉዳት ነው። ስትገዛት አንስተህ አንዴ ብትነቀንቀው ይጠፋህ ነበር?»

ዘርጋው በጉልበቱ ሄዶ ክንዱን ወደ አክሰሉ ዘረጋ፤ የሽንኩርት ጆንያ እንደሚፈትሽ ሁሉ የተበላውን ብረት በጣቶቹ ዳበሰው። ነጭ ልብሱ በዝገትና በከሰለ ግራሶ ጠቆረ።

«ሻጩ ክሪክ አለኝ ብለውኝ ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት። አጉርሰውኝ ነበራ።»

ሹፌሩ ይሳቅ ይቆጣ ግራ ገባው። ዘርጋው ከተንበረከከበት ሳይነሣ ወደ እናቱ ዞረ።

«እማዬ፣ ይቅር በይኝ።»

«ይቅር ብያለሁ። ስለቴንም በዚህ ሰው መኪና ሄጄ አደርሳለሁ» አሉ ወይዘሮ የሺመቤት፤ ግንባራቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጫን አድርገው በጉልበቱ ያለውን ልጃቸውን ትክ ብለው እያዩት። «አንተ ግን ለልጆችህ ንገራቸው፦ ሳይንበረከኩ የገዙት፣ መንገድ ላይ ያንበረክካል።»