ያላለቀችው ሄሊኮፕተር

አንድ ጡረታ የወጣ የሄሊኮፕተር መካኒክ በቢሾፍቱ ከተማ ይኖር ነበር። ስሙ ጓንጉል ይባላል። በሥራ ዘመኑ አንድ ሕግ ነበረው፦ አንዲት ብሎን እንኳ ከላላች አይፈርምም። እሱ ካልፈረመ ደግሞ አለቃ ቢቆጣ፣ ጄኔራል ቢጮህ፣ ሄሊኮፕተሯ ከቆመችበት ንቅንቅ አትልም። በዚህ ግትርነቱ ብዙ ሰው ተቀይሞታል፤ ብዙ ሰውም በሰላም ቤቱ ገብቷል።

በሰላም ከገቡት አንዱ ሻምበል አጥናፉ የተባለ አብራሪ ነው። ሁለቱ ዐሥራ አንድ ዓመት አብረው ሠርተዋል። አጥናፉ ሲበር ጓንጉል የሄሊኮፕተሯን ድምፅ መልሶ እስኪሰማ ድረስ እህል አይቀምስም ነበር። ጡረታ ሲወጡ አብራሪው አገሩ አሰላ ገባ። ከቢሾፍቱ አሰላ የግማሽ ቀን መንገድ እንኳ አይሞላም። ሆኖም ዛሬ ነገ ሲባባሉ ሳይተያዩ ዘጠኝ ዓመት አለፈ።

በግንቦት ወር የአጥናፉ ሚስት ወይዘሮ የሺመቤት ደወለች።

«ጋሽ ጓንጉል፣ የአጥናፉ ዓይን እየደከመ ነው» አለችው። «ሐኪሞቹ የጠፋው አይመለስም፣ የቀረውም ብዙ አይቆይም ብለዋል። እሱ እንደሆነ ወሬው ሁሉ የድሮው ነው። ‹ያችን ሄሊኮፕተርና ያን ግትር መካኒክ አንድ ጊዜ ባየኋቸው› ይላል።»

ጓንጉል ስልኩን ዘግቶ አለቀሰ። መካኒክ አይደል፣ ጆሮው ውስጥ የቀረችው ሄሊኮፕተሯ ብቻ ነበረች። የበረራ አስተናጋጅ የሆነች የእህት ልጅ አለችውና የሄሊኮፕተሯን የሚገጣጠም ትንሽ አምሳያ ከውጭ አገር እንድታመጣለት ለመናት። እሷም በሁለተኛው ሳምንት አንድ ካርቶን ይዛለት መጣች። በውስጡ ያቺው የሚያውቃት ሄሊኮፕተር፣ ከመቶ በላይ በሆኑ የፕላስቲክ ቁርጥራጮች ተበታትና ተቀምጣለች። ተገጣጥማ ስትቆም ከአንድ ክንድ አትበልጥም።

በምላጭ ቆረጠ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰ፣ በወረንጦ እየያዘ አጣበቀ። ሰኔ ሳያልቅ ሄሊኮፕተሯ ጠረጴዛው ላይ ቆመች።

«አጎቴ፣ እንዴት ታምራለች! ነገውኑ ውሰድላቸው እንጂ» አለችው የእህቱ ልጅ።

«አላለቀችም» አላት።

እውነት ነው፣ ለእሱ ዓይን አላለቀችም። ፋብሪካው አናቷ ላይ የሚዞሩትን ክንፎች ቀጥ አድርጎ ነው የሠራቸው። የቆመች ሄሊኮፕተር ግን ክንፎቿ ጎንበስ ይላሉ። ስለዚህ ሙቅ ውሃ ውስጥ እየነከረ አጎነበሳቸው። ከዚያ የአብራሪውን መቀመጫ ቀበቶ ሠራ። በመርፌ ጫፍ ቀለም እየነካ ማብሪያ ማጥፊያዎቹን አንድ በአንድ ቀባ። ፕላስቲክ በሻማ አሙቆ ሲስበው እንደ ፀጉር ቀጠነለት፤ በእሱ የአንቴናዋን ሽቦ ዘረጋ። ጭስ ማውጫዋ ሥር ጥላሸት፣ ሆዷ ላይ የዘይት ጠብታ ጨመረ። የዘይት ጠብታውን ለመቀባት ብቻ ስምንት ቀን ፈጀበት።

እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ሥራው እንዲያልቅ አልፈለገም። ወረንጦውን በያዘ ቁጥር አጥናፉ ከጎኑ የቆመ ይመስለዋል። ሳቁ ይሰማዋል፣ የበረራ ሜዳው ይሸተዋል፣ ናፍቆቱ አንጀቱን ይበላዋል። ያን ሁሉ ናፍቆት ያችኑ ፕላስቲክ ላይ ቀባው።

የሺመቤት ደግማ ደወለች። «ለመስቀል ይምጡ እንጂ፣ ጋሼ። ቀን ቀን አሁንም ሰው ይለያል።»

«ትንሽ ቀርቶኛል» አላት።

በኅዳርም ደወለች። «አሁንማ የሚታየው እንደ ጉም ብቻ ነው።»

«በሯ በደንብ አልገጠመልኝም። እሷን ላስተካክልና እመጣለሁ» አላት። ሄሊኮፕተሯ እኮ ሰው አትጭንም፤ በሯ ገጠመ አልገጠመ ማን ሊወድቅ ኖሯል?

በታኅሣሥ አጋማሽ ጓንጉል ቢፈልግ ቢፈልግ ጉድለት አጣባት። ያን ጊዜ ካርቶኑን እንደ ሕፃን ታቅፎ አውቶቡስ ተሳፈረ።

አጥናፉ ደጁ ላይ ፀሐይ እየሞቀ ነበር። የጓንጉልን ድምፅ ሲሰማ ብድግ አለ፤ እጁን ግን የዘረጋው ወደ ሌላ አቅጣጫ ነው። ጓንጉል ሮጦ እጁ ውስጥ ገባ። ተቃቅፈው ብዙ አለቀሱ።

አጥናፉ ተመልሶ ሲቀመጥ መካኒኩ ሄሊኮፕተሯን አውጥቶ ጭኑ ላይ አስቀመጠለት። የአብራሪው ጣቶች ከአፍንጫዋ ተነስተው እስከ ጭራዋ ሄዱ። ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ። የአንቴናዋ ሽቦ ነበር።

«ምን ሰበርኩ?»

«ምንም አልሰበርክም፣ ሻምበል።»

ጣቶቹ ክንፎቿ ላይ ሲደርሱ ቆሙና ፈገግ አለ። «ጎንበስ ብለዋል። ደክሟታላ!» አለ። በመርፌ የተቀቡትን ማብሪያዎች ግን አላወቃቸውም። ጥላሸቱንም፣ የስምንት ቀኑን የዘይት ጠብታም አላወቀም።

ቀስ ብሎ ሄሊኮፕተሯን አጠገቡ አስቀመጠ። «ጠጋ በል» አለው፤ ሁለት እጁንም ወደ ወዳጁ ፊት አነሳ።

«እሷን አልረሳኋትም፣ ጓንጉል። በሕልሜም አበራታለሁ። የጠፋብኝ ያንተ መልክ ነው። ለመስቀል መጥተህ ቢሆን አይህ ነበር።» ጣቶቹ ግንባሩን፣ ጉንጩን፣ አገጩን ዳሰሱ። «በጣም ከሳህ እንዴ? ሸብተሃል?»

ጓንጉል የአጥናፉን እጅ ይዞ አናቱ ላይ አደረገው።

«ሸብቻለሁ» አለ።

ወዳጆች ሆይ፣ ለሚበር ነገር ትንሿ ጉድለት ሞት ነውና እስክትስተካከል መጠበቅ ይገባል። ሰው ግን እንከን የሌለው ስጦታ አይደለም የሚናፍቀው፤ ሰው ነው የሚናፍቀው። ለምንወደው ሰው ያማረ ነገር እናዘጋጃለን ስንል ራሳችንን እንነፍገዋለን። ስንደርስም ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆናል።

እርስዎስ፣ «ትንሽ ቀርቶኛል» እያሉ የሚያስጠብቁት ሰው አለ? ካለ ዛሬውኑ ይሂዱ። ባዶ እጅዎንም ቢሆን ይሂዱ፤ መልክዎን ያሳዩት።