አንድ ጊዜ ብቻ የሚጠየቀው ዲስክ

አንድ የኮምፒውተር ባለሙያ ነበር፤ ስሙ ደምሰው ይባላል። በሙያው የተመሰገነ፣ በጠባዩ ግን ቶሎ የሚሰለች ሰው ነበር። ሰባት ዓመት በአንድ መሥሪያ ቤት ካገለገለ በኋላ አንድ ሐሳብ ልቡን ወሰደው፤ የሰው እጅ ሳይነካው፣ የአክሲዮን ገበያውን ራሱ እያየ የሚገዛና የሚሸጥ ፕሮግራም መሥራት። ሰው ይፈራል፣ ሰው ይስገበገባል፣ ማሽን ግን ከሁለቱም ነፃ ነው ይል ነበር። ሥራውንም ለቀቀ። ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም። ብዙዎች ሞክረውታል፤ ለጥቂቶችም ሆኖላቸዋል።

ያስቸገረው ላፕቶፑ ነበር። አንድን የንግድ ዘዴ ባለፉት ዐሥር ዓመታት የገበያ ዋጋ ላይ ለመሞከር ያ አሮጌ ላፕቶፕ ግማሽ ቀን ይፈጅበታል። ጠዋት ያዘዘውን ከሰዓት ይቀበላል፤ መልሱም አብዛኛውን ጊዜ "አያዋጣም" ነው። ባትሪው ስለሞተ መሐል ላይ መብራት ከጠፋ ደግሞ ሥራው ሁሉ እንደገና ይጀመራል። በዚህ አካሄድ ሳልሸብት አልጨርሰውም አለና ታላቅ እህቱን ሊያማክራት ሄደ።

እህቱ አስካለ ትባላለች። ወላጆቻቸው ሲሞቱ ያሳደገችውም ያስተማረችውም እሷ ናት። በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሃያ ስድስት ዓመት ሠርታ ጡረታ ወጥታለች፤ በዚህ ሁሉ ዘመን ያፈራችው ነገር ቢኖር የምትኖርባት ባለ ሦስት ክፍል ቤት ብቻ ነች። ስለ ኮምፒውተር አታውቅም፤ ወንድሟን ግን አውቀዋለሁ ትላለች። ፕሮግራሙ በትክክል ተፈትኖ ማለፉን ካረጋገጠላት፣ ቤቷን ሸጣ መነሻ እንደምትሰጠው ቃል ገባችለት። ደምሰው ይህን ሲሰማ እንባው መጣ። ቤቷን እንደማያስበላት በልቡ ማለ፤ ሲምልም ከልቡ ነበር።

በማግስቱ ኮምፒውተር እየገጣጠሙ ወደሚሸጡ ጋሽ ሀብተወልድ ወደሚባሉ ሽማግሌ ሄደ። እሳቸውም ሁለት ኮምፒውተር አማረጡት። አንደኛው መካከለኛ ነው፤ በቂ ሚሞሪ አለው፣ መብራት ሲጠፋ ሥራው እንዳይቋረጥ ባትሪ ተያይዞለታል፣ አንዱን ሙከራ በአንድ ሰዓት ይጨርሳል። ሁለተኛው ያንኑ ሙከራ በአንድ ደቂቃ ይጨርሳል፤ ዋጋው ግን ደምሰው ያጠራቀመውን ሁሉ የሚጠርግ ነው። ሽማግሌው መካከለኛውን እንዲወስድ መከሩት። ደምሰው ገረመው። ነጋዴ ውዱን ትቶ ርካሹን ውሰድ ሲል የሰማው ገና ያን ቀን ነው።

"ጋሼ፣ ፍጥነት ምን ይጎዳል?" አላቸው።

"ፍጥነትስ አይጎዳም ልጄ። ግን በቀን ዐሥር ጥያቄ የተፈቀደለት ሰው ምን እንደሚጠይቅ ሲያስብ ያድራል። ሺህ የተፈቀደለት ምን ያሳስበዋል?"

ደምሰው በሆዱ ሳቀ፤ የዕድሜ ነገር ነው ብሎ አለፈው። ትልቁን ገዛ። ጋሽ ሀብተወልድም አልተከራከሩም፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ብለው ትንሽ ቀለዱበትና ዕቃውን በጥንቃቄ ገጣጥመው አስረከቡት። ሲሸኙት ግን ቀልዱን ተዉት። የመጨረሻዎቹን የሁለት ዓመታት ዋጋዎች ለብቻቸው በአንድ ዲስክ ገልብጦ፣ ከማሽኑ ላይ አጥፍቶ፣ ዲስኩን ለሚያምነው ሰው በአደራ እንዲሰጥ ነገሩት። ፕሮግራሙ በቀሩት ስምንት ዓመታት ይሠራል፤ ሥራው ሲያልቅ አይቶት በማያውቀው በዚያ ዲስክ ይፈተናል፤ ፈተናውም አንድ ጊዜ ብቻ ነው። የፈተናውን ጥያቄ አስቀድሞ ያየ ተማሪ መቶ ከመቶ ቢያመጣ ምን ይገርማል አሉት። ደምሰው በሙያው ይህን አጥቶት አይደለም። እንደተባለው አደረገና ምክንያቱን ነግሮ ዲስኩን ለእህቱ ሰጣት፤ እሷም ሣጥኗ ውስጥ ቆለፈችበት።

ማሽኑ የተባለለትን ያህል ፈጣን ነበር። ደምሰው በአንድ ሳምንት ውስጥ በስምንቱ ዓመታት ላይ የሚያስደንቅ ትርፍ የሚያሳይ ዘዴ አገኘ። ዲስኩን ከእህቱ ተቀብሎ ፈተነው፤ ወደቀ። "ትንሽ ይቀረዋል" ብሎ ዲስኩን መለሰላት። በሳምንቱ ሌላ ዘዴ ይዞ መጣ፤ እሱም ወደቀ። ሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ አስካለ ቀና ብላ አየችውና ቁልፏን ፍለጋ ተነሣች። ደምሰው ቆሞ ሲጠብቅ ተሸማቀቀ። በዚህ ዕድሜዋ በየጊዜው ማስነሣት ነውር ነው አለ ለራሱ፤ ዲስኩን ማሽኑ ላይ ገልብጦ ዋናውን መለሰላት። ለእሷ ማሰቡ መስሎት ነበር። እውነቱን ለመናገር የሸሸው ዓይኗን ነው።

ከዚያ ወዲያ ከልካይ አልነበረበትም። ዘዴው ሲወድቅ አንዲት ቁጥር ይለውጥና መልሶ ይፈትናል፤ ሲወድቅ ሌላ ቁጥር ይለውጣል። ቀድሞ ግማሽ ቀን ሲጠብቀው የነበረው እምቢታ አሁን በየደቂቃው ይመጣል፤ እምቢታ በየደቂቃው ሲመጣ ደግሞ ሰው መስማቱን ይተዋል። በመጨረሻ መለወጡም ራሱ ሰለቸውና ማሽኑ በራሱ ቁጥሮቹን እየለዋወጠ እንዲሞክር አዘዘው። በዘጠነኛው ቀን ማሽኑ "አለፈ" አለ። የትርፉ መስመር ከስክሪኑ ታች ተነሥቶ ወደ ላይ ይወጣል። ደምሰው ከደስታ ብዛት ሊጮህ ምንም አልቀረውም።

እህቱን ጠርቶ አሳያት። አስካለ መነጽሯን አድርጋ መስመሩን ለረጅም ጊዜ ተመለከተች። ከዚያም አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው።

"ያለፈው ያላየውን ፈተና ነው?"

ደምሰው ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሣ "አዎ፣ እትዬ" አላት።

ቤቱ ተሸጠ። አስካለ ዕቃዋን ሰብስባ አንዲት የኪራይ ክፍል ገባች፤ ለትንሽ ጊዜ ነው እያለች ለጎረቤቶቿ ትናገር ነበር። ፕሮግራሙም እውነተኛው ገበያ ውስጥ ገባ። በመጀመሪያው ሳምንት ጥቂት አተረፈ። በሁለተኛው ያተረፈውን መለሰ። ከዚያ በኋላ መክሰር ብቻ ሆነ። ማሽኑ አልተበላሸም፤ የታዘዘውን በፍጥነት ይፈጽም ነበር። ማሽኑ ያገኘው እነዚያን ሁለት ዓመታት በአጋጣሚ የገጠመ ቁጥር ነበር፤ ስለሚመጣው ጊዜ ግን የሚያውቀው ነገር አልነበረም። በአራተኛው ወር መጨረሻ ከአስካለ ቤት የተረፈ ምንም አልነበረም።

ደምሰው ሄዶ ነገራት። መቀመጥ አፍሮ በር ላይ ቆሞ ነው የነገራት። አልጮኸችም። ወንበር ሰጥታ አስቀመጠችውና፣ ፕሮግራሙ ከማለፉ በፊት ስንት ጊዜ እንደሞከረው ጠየቀችው። ማሽኑ ሙከራውን ሁሉ ይመዘግብ ስለነበር ደምሰው ቁጥሩን ያውቀዋል።

"ዐሥራ አንድ ሺህ አራት መቶ ጊዜ" አላት።

"ከዚያ ሁሉ ስንቱ አለፈ?"

"አንዱ።"

አስካለ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አደረገች።

"እኔ ኮምፒውተር አላውቅም" አለችው። "ግን ሃያ ስድስት ዓመት የምስክር ቃል ሳገላብጥ ኖሬአለሁ። ምስክርን ደጋግሞ የጠየቀ ሰው መጨረሻ ላይ የሚፈልገውን ያናግረዋል። ዐሥራ አንድ ሺህ ጊዜ እምቢ ብሎኛል ብትለኝ ኖሮ፣ ያን ጊዜ ነገሩ ይገባኝ ነበር። እሺ ያለህን አንዱን ነገርከኝ፤ እምቢ ያሉህን ሁሉ ለምን ደበቅኸኝ?"

ለማሽኑ ሺህ ጥያቄ ሲያቀርብ የኖረው ደምሰው፣ የእህቱን አንዲት ጥያቄ ሳይመልስ ወጣ። ወደ ቀድሞ ሥራው ተመለሰ። አስካለ ዛሬም በኪራይ ትኖራለች።

ወዳጆቼ፣ ደምሰውን ፈጣን ማሽን አጠፋው ብላችሁ እንዳትፈርዱ። መሣሪያ የባለቤቱን ልብ ይከተላል፤ እውነትን ለሚፈልግ እውነትን ያፈጥንለታል፣ ምኞቱን ለሚፈልግም ምኞቱን። ዕቃ ስንመርጥ ምን ያህል ይፈጥናል፣ ስንት ያወጣል ብለን እንጠይቃለን። እምቢ ሲለኝ እሰማዋለሁ ወይ ብሎ ራሱን የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ከዚህም በላይ፣ የምንቆምረው በሰው ቤትና በሰው ተስፋ ሲሆን፣ ያ ሰው እምቢታዎቻችንን ሁሉ የማወቅ መብት አለው። አንዱን እሺታ ብቻ መርጦ ማሳየት፣ እሺታው እውነት ቢሆን እንኳ፣ ውሸት ነው።

አንተስ፣ አንቺስ፣ ለሚያምናችሁ ሰው እሺ የተባላችሁበትን አንድ ቀን ስታወሩ፣ እምቢ የተባላችሁበትን ስንት ቀን ደብቃችሁታል?