ትንፋሽ የሚያሰማው ማጉያ

አቶ ጥላዬ የሚባሉ ኩራተኛ አከራይ ነበሩ። አንድ የሙዚቃ ዕቃ ነጋዴ ለሙከራ የተወላቸውን፣ ኤሌክትሮስታቲክ የሚባለውንና ረቂቁን ድምፅ ሁሉ አጥርቶ የሚያሰማውን እጅግ ውድ የጆሮ ማዳመጫ ማጉያ ልግዛ አልግዛ እያሉ ሲጨነቁ ሰነበቱ። በመጨረሻ ተከራያቸውን አስጠሩና ዘፈን ከፍተው ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ደፉለት።

«ዘፋኟ ትንፋሿን ስትስብ እንኳ ይሰማል! በል ፍረድ፤ ልግዛው ወይስ ልተወው? አልሰማሁም ካልክ ግን ቤቴን ለቀህ ውጣ፤ እኔ ለደንቆሮ አላከራይም!» አሉት።

ተከራዩ ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠና ማዳመጫውን በሁለት እጁ መለሰላቸው።

«ይግዙት እንጂ ጋሼ! ክረምቱን ሙሉ በርዎ ላይ ቆሜ ‹ጣሪያው ያፈሳል› እያልኩ ስጮኽ አንድም ቀን አልሰሙኝም። እርስዎ ይግዙት፤ እኔም ነገውኑ ስቱዲዮ ገብቼ አቤቱታዬን እዘፍነዋለሁ። ያኔ ጩኸቴ ቀርቶ ትንፋሼም ይሰማዎታል።»