በይሉኝታ ሊቀደድ የነበረው ዳሌ

አንድ ሰው ነበረ። ዕድሜው ገና አርባ አምስት ያልሞላ፣ የጂኦግራፊ አስተማሪ። አጥናፉ እንበለው። ይህ ሰው ዳሌውን ታመመ። መጋጠሚያው ተበልቶ አጥንት ከአጥንት ይፋጭበታል። ሲራመድ ያነክሳል፣ ሲቀመጥ ያቃስታል።

ማንከሱንስ ቻለው። ያልቻለው ሌላ ነው። በሰሙነ ሕማማት ሕዝቡ ሁሉ እግዚኦ እያለ መሬት ሲወድቅ፣ እሱ ከዘራውን ተደግፎ ይቆማል። የሰማንያ ዓመት አዛውንት ወድቀው ይነሣሉ፤ አጥናፉ ቆሟል። ቤቱ ሲገባ ሚስቱን ትርሲትን፣ «ለአምላኬ መስገድ እንኳ አቃተኝ እኮ!» አላትና አለቀሰ። በአባቱ ቀብር ያላለቀሰ ሰው ነው።

በኋላ ግን መፍትሔ እንዳለ ተነገረው። በእሱ ዕድሜ ላለ፣ አጥንቱ ለጠነከረ ሰው፣ የጭኑ አጥንት ራስ ተቆርጦ አይጣልም፤ ተሞርዶ የብረት ቆብ ይለብሳል። እሰየው! ግን ማን ይሥራው?

እዚህ ላይ ስሙኝ። ዘመድ ተሰበሰበ። የአክስቱ ልጅ ይርጋ የአጥንት ሐኪም ነው። «የራሳችን ልጅ እያለ ሌላ ጋ ልትሄድ?» አሉት። ይርጋም ደስ ብሎት፣ «ከፊት በኩል በትንሹ ከፍቼ እገባለሁ። ጠባሳው እንኳ አይታይህም» አለ። የአጥናፉ እናት እልል አሉ። ቀን ተቆረጠ።

ትርሲትን ግን ነገሩ አላሳመናትም። «ይህን ዓይነቱን ሠርቶ ያውቃል?» አለችው።

«እንዴት ብዬ እጠይቀዋለሁ? ያፍራል!»

«እሱ እንዳያፍር አንተ ልትቀደድ ነው?»

ሳቃችሁ አይደል? ሳቁ። በይሉኝታ ስንት ነገር እንደተሸከማችሁ ግን ልባችሁ ያውቃል።

ትርሲት እየጎተተች ሌላ ሐኪም ጋ ወሰደችው፤ ዶክተር ሙክታር ይባላሉ። እሳቸው ስለ ቀዶ ጥገናው ከመናገራቸው በፊት፣ «በዚህ ዳሌ ምን ሊያደርጉበት ነው የሚፈልጉት?» ብለው ጠየቁት።

«መስገድ» አለ አጥናፉ።

«እስቲ ያሳዩኝ።»

ሞከረ። አልቻለም። ታዲያ ሐኪሙ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ከወንበራቸው ተነሥተው፣ በነጭ ጋውናቸው ወለሉ ላይ ተንበረከኩ! «እንዲህ ነው? ሲነሡስ የትኛው እግር ይቀድማል?» እያሉ ጠየቁት። በግንባሩ መሬት መንካት ምን እንደሆነ ለእሳቸው ማስረዳት አላስፈለገውም።

ተነሥተው እንዲህ አሉት፦ «እኔ ከኋላ በኩል ነው የምገባው። ቁስሉ ረጅም ነው፤ አጥንቱን በደንብ ሳላይ ቆቡን አላለብስም። ብዙዎቹ ድነውልኛል። አንዱ ግን አጥንቱ ተሰብሮበት እንደገና ከፍቼዋለሁ። ይህን ሰምተው ይወስኑ።»

አጥናፉ ፈራ። ፈራ፣ ግን ደግሞ ልቡ አረፈ። እውነቱን የሚነግረው ሰው አግኝቷላ! በዚያው ድፍረት ይርጋ ቤት ሄዶ ዶክተር ሙክታር ያሉትን ነገረውና ጠየቀው። «ወንድሜ፣ ይህን ዓይነቱን በእጅህ ሠርተህ ታውቃለህ?»

ይርጋ አቀረቀረ። «ሌላውን ቀዶ ጥገና ብዙ ሠርቻለሁ። ይህን ግን ሲሠራ አየሁ እንጂ ሠርቼ አላውቅም። እናንተ በእኔ እንዲህ ስትኮሩ እንዴት ብዬ ልናገር?» አለ። ቀጥሎም፣ «ሙክታር ጋ ሂድ። እኔም አጠገባቸው ቆሜ እንድማር ለምንልኝ።»

አያችሁ? አንዱ እንዳያፍር ዝም ብሏል፣ ሌላው እንዳያሳፍር ዝም ብሏል። በሁለቱ ዝምታ መካከል ቢላው ተስሎ ነበር! አንዲት ጥያቄ ሁለቱንም ፈታቻቸው።

ቀዶ ጥገናው ተደረገ፤ ይርጋም አጠገብ ቆሞ ተማረ። አጥናፉ በሕመም እየጮኸ መራመድ ተለማመደ። ዓመቱ ዞሮ ስቅለት ሲደርስ፣ ሐኪሙ ፈቅደውለት፣ ከሕዝቡ መካከል ቆመ። እግዚኦ ተባለ። ሕዝቡ ወደቀ። አጥናፉም ወደቀ! ግንባሩ መሬት ነካ። ተነሣም! ደግሞ ወደቀ፣ ደግሞ ተነሣ! ትርሲት ከሴቶቹ መካከል ሆና እያየችው ስግደቱ ጠፋባት፤ አፏን በነጠላዋ ይዛ ትስቃለች፣ ታለቅሳለች።

እናንተስ ወገኖቼ? ትዳራችሁን የሚመክረው፣ ልጃችሁን የሚያሳድገው፣ ነፍሳችሁን የሚመራው ማነው? መርጣችሁት ነው ወይስ አፍራችሁት? ደስ የሚያሰኛችሁን ነው የሚነግራችሁ ወይስ የቁስሉን ርዝመት? ጠይቁት! የሚወዳችሁ ከሆነ አይቀየማችሁም፤ ከተቀየመም በጊዜ አወቃችሁት።

እኔንም ጨምሩ። ስንት ጊዜ እዚህ ቆሜ ይቅር በሉ፣ ጹሙ፣ ስጡ አልኳችሁ! አንድም ሰው «አንተስ ይህን አድርገኸው ታውቃለህ?» አላለኝም። አክብራችሁኝ እንደሆነ አውቃለሁ። ዛሬ ጉባኤው ሲያበቃ በሩ ላይ እቆማለሁ። ኑና ጠይቁኝ።