ምስር ያገባው ሰው

ወገኖቼ፣ አንድ ሰው ነበረ። ስሙን ተዉት፤ ስሙን ብነግራችሁ «ተመስገን፣ እኔ አይደለሁም» ብሎ የሚገላገል ከመካከላችሁ አይጠፋም። አናጢ ነው። በር ይሠራል፣ አልጋ ይሠራል፣ የሙሽራ ቁም ሣጥን ይሠራል። አስካለ የምትባል ሚስት አለችው። ሁለት ሴቶች ልጆች አሉት፤ ትልቋ ቤዛዊት፣ ትንሿ ሶልያና።

ይህ ሰው ጿሚ ነው። ረቡዕና ዓርብን አይስትም፣ ቅዳሴ አያመልጠውም። የሰበካ ጉባኤ አባል ነው። የቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ሲያፈስ መሰላል ተሸክሞ ቀድሞ የሚደርሰው እርሱ ነው። ሰፈሩ ሁሉ «የተባረከ ሰው» ይለዋል።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሁለት የጉባኤ ባልደረቦቹን ለምሳ ይዞ ቤቱ ገባ። ለአስካለ አልነገራትም፤ እንዲሁ ድንገት ይዟቸው መጣ። እርሷም ያላትን አቀረበች። ያላት ምስር ወጥ ነበር።

ሰውየው መሶቡ ሲከፈት ፊቱ ተለወጠ። እንግዶቹ ፊት አፈረ። መቼም ሰው ሲያፍር ወይ ይቆጣል ወይ ይቀልዳል፤ እርሱ ቀልድ መረጠ።

«እንግዲህ ወንድሞቼ፣ እንደምታዩኝ ነኝ» አለ። «በኔ ቤት ሰኞም ምስር ነው፣ ማክሰኞም ምስር ነው፣ እሑድም ምስር ነው። ሌላው ሰው ሚስት አገባ፤ እኔ ምስር አገባሁ!»

እንግዶቹ ሳቁ። ሚስትና ምስር! ቀልዱ ይገጥማል። እናንተም አሁን ፈገግ ያላችሁ አላችሁ፤ አይቻችኋለሁ።

አስካለ ግን እዚያው ቆማ ነበር፤ የእጅ ማስታጠቢያውን ይዛ። አልሳቀችም። አልተቆጣችም። ጎንበስ ብላ በእጁ ላይ ውኃ አፈሰሰች። ውኃው አመለጣትና በእጅጌው ገባ። «ተጠንቀቂ እንጂ!» አላት።

በቃ፤ ያን ብቻ አላት።

በዚያው ምሽት ከገጠር ስልክ ተደወለ። የአስካለ እናት ወድቀው ወገባቸውን ተጎድተዋል። በማግስቱ ጠዋት አስካለ ነጠላዋን ተከናንባ ተነሣች። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሽሮው በየትኛው ዕቃ እንዳለ፣ ሊጡ መቼ እንደሚጋገር፣ ልጆቹ ምን እንደሚወዱ ሁሉን ዘርዝራ ነበር የምትሄደው። የዚያን ቀን ግን «የልጆቹን ነገር አደራ» ብላ ወጣች።

እርሱ ምን አለ? በልቡ «እንግዲህ እነዚህ ልጆች የምግብ ዓይነት ምን እንደሚመስል ያያሉ» አለ። ለአስካለ የሚሰጣትን የሳምንት ወጪ በኪሱ ያዘና የቤቱን ጉዳይ ተረከበ።

ሰኞ ከሥጋ ቤት ገዝቶ ጥብስ ጠበሰ። ቤቱ በጭስ ታፈነ፤ ልጆቹ ግን ጣታቸውን ላሱ። ማክሰኞ ምግብ ቤት ወስዶ አበላቸው። ረቡዕ ጾም ነው፤ በያይነቱ ገዝቶ መጣ። ሐሙስ ጠዋት እጁን ኪሱ ከተተ። ወገኖቼ፣ ሳምንቱ ገና ነው፤ ወጪው ግን አልቋል።

ጓዳ ገባ። ከወንድሙ እርሻ የመጣ ምስር በማዳበሪያ ተቀምጧል። ጥቂት ሽንኩርት አለ። በጣሳ ውስጥ ትንሽ ሽሮ አለ። ሌላ ምን አለ? ሌላ ምንም የለም።

ምስር ሠራ፤ አሳረረው። ዓርብ ምስር ሠራ፤ ቀጠነበት። ቅዳሜ ምስር ሠራ፤ እንደምንም ምስር መሰለ። ማዕዱን አቅርቦ ሊባርክ እጁን ሲዘረጋ ትንሿ ሶልያና ወጡን አይታ ቀና አለች።

«አባዬ፣ ዛሬም ምስር ነው?»

ልጅቱ ክፋት የላትም። እንዲሁ ነው የጠየቀችው። እርሱ ግን የገዛ ድምፁን ሰማ። ያን እሑድ የተናገረውን ሰማ፤ ሳቁን ሰማ። ውኃ ይዛ የቆመችው ሴት ታየችው። «ብሉ ልጆቼ» ብሎ ተነሥቶ ወደ ጓሮ ወጣ።

በጓሮው በኩል እትዬ ደብሪቱ የሚባሉ ባልቴት ይኖራሉ። በሁለቱ ቤቶች መካከል ያለው አጥር ቀድሞ ክፍተት ነበረው፤ ሰው የሚያሳልፍ። አስካለ እሑድ እሑድ እዚያ ክፍተት ላይ ቆማ ከእትዬ ደብሪቱ ጋር ታወራ ነበር። ይህ ለሰውየው አልተዋጠለትም። «ሁለት ሴቶች አጥር ሥር ከቆሙ ሐሜት ነው» ብሎ አንድ ቀን ጣውላ ቆረጠ፣ በሚስማር መትቶ ክፍተቱን ደፈነው። «ከዚያች ሴት ጋር ሁለተኛ እንዳላይሽ» አላት። አስካለም ቃሉን አከበረች።

አሁን ከአጥሩ ማዶ እትዬ ደብሪቱ ጎመን ሲቀነጥሱ ይሰማዋል። ሊጠይቃቸው ፈለገ። ግን በየትኛው ፊቱ? በአጥሩ እንዳይጠራቸው የደፈነው እርሱ ነው። በዋናው መንገድ ዞሮ በራቸውን አንኳኳ። በራቸውን እንኳ የሠራው እርሱ ነበር፤ ዋጋውን ከተቀበለ በኋላ ግን ደጃፋቸውን ረግጦት አያውቅም።

«የቤዛዊት አባት!» አሉ እትዬ ደብሪቱ። «ምነው በደኅና? አስካለ ደኅና ናት?»

«ደኅና ናት። እናቷ ጋ ናት። እኔ እንኳ... አንድ ነገር ልጠይቅዎት ብዬ ነው።»

«ጠይቀኝ እንጂ፤ ግባ።»

አልገባም። ቆቡን አውልቆ በእጁ ያሽከረክር ጀመር። «እትዬ፣ ሰው... ማለቴ ሴቶች... ሳምንቱን ሙሉ ምን ምን ይሠራሉ? በትንሽ ነገር፤ ሳይሰለች?»

እትዬ ደብሪቱ ትክ ብለው አዩት። የሚቀልድባቸው መስሏቸው ነበር። ፊቱን ሲያዩ ግን ቀልድ እንዳልሆነ ገባቸው።

«አስካለ አልነገረችህም?»

«ምኑን?»

«እንዴት እንደምንሠራ ነዋ! እሑድ እሑድ ከቅዳሴ ስንመለስ እዚያች አጥር ላይ ቆመን የሳምንቱን ማዕድ እንመክር ነበር። እርሷ ምስርና ሽሮ አላት፤ እኔ ከጓሮዬ ጎመን፣ ድንችና ዱባ አላጣም። ሰኞ እርሷ ምስር በትልቁ ድስት ትጥዳለች፤ እኔ ድንች አልጫ። ግማሹ ወደዚህ፣ ግማሹ ወደዚያ። እንዲህ ሲሆን በአንድ ድስት ዘይትና በአንድ ምድጃ ከሰል እያንዳንዱ ቤት ሁለት ዓይነት ይበላል። የደረቀ እንጀራ አይጣልም፣ በማግስቱ ፍርፍር ይሆናል። ረቡዕ ሱፍ ፍትፍት። የተረፈ ድፍን ምስር ካለ ሰናፍጭና ቃሪያ ጨምረን አዚፋ እናደርገዋለን። ዓርብ ዱባ ወጥ...»

«ዱባ ወጥ?» አለ ሰውየው።

«አዎ፣ ዱባ። "እጅሽ ይባረክ፣ እንዲህ ያለ በልቼ አላውቅም" ብለሃት የለም? መጥታ ነገረችኝ፤ ደስ ብሏት ነበር። የኔ እጅ መሆኑን ግን አልነገረችህም። "እትዬ፣ ባሌ ከጎረቤት ድስት ይበላል እንዳይባል" ብላ።»

ሰውየው ሳያስበው «ታዲያ ለምን ተዋችሁት?» አለ።

እትዬ ደብሪቱ በጓሯቸው በኩል ወደ አጥሩ አዩ። እርሱም አየ። ጣውላው አዲስ ነው፤ በደንብ የተላገ፣ ውኃ ልኩን የጠበቀ፣ ሚስማሩ እኩል እኩል የተመታ። ጥሩ ሥራ ነው። የገዛ እጁ ሥራ ነው።

ጣውላውን ማን ቆረጠው? ሚስማሩን ማን መታው? በዚያ ቤት ምስሩን ያበዛው ማን ነበር? ወገኖቼ፣ ምንጩን በገዛ እጁ ደፍኖ «እንስራው ለምን ባዶ ሆነ?» ብሎ ውኃ ቀጂዋን የሚሰድብ ሰው ምን ይባላል?

ሰውየው ቆቡን ደፋና ሄደ። ደኅና ዋሉ እንኳ አላለም።

በማግስቱ ከቅዳሴ መልስ መንቀያ ይዞ አጥሩ ሥር ቆመ። ሚስማር ሲነቀል ይጮኻል፤ ታውቃላችሁ። እየጮኸ ሰፈሩን ሰበሰበበት። በመንገድ የሚያልፈው ሁሉ አንገቱን እያሰገገ «ምነው፣ ጥሩ አጥር ታፈርሳለህ?» ይለዋል። ከእነዚያ ከሳቁት ባልደረቦቹ አንዱም አለፈ፤ «ደግሞ ምን ልትሠራ ነው?» ብሎ ጠየቀው። ሰውየው ቀና ብሎ ሊያየው አልቻለም። ላብ ይሁን ሌላ ነገር፣ ፊቱን በእጅጌው እየጠረገ ነቀለ። እትዬ ደብሪቱ ከማዶ ሆነው «ሚስማሩን አትጣለው፤ አቃንተህ ትመታበታለህ» አሉት። ሌላ ነገር አልተናገሩትም። ቢሰድቡት ይቀለው ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰውየው ድስት ተሸክሞ አጥር ተሻገረ። ምስር ወስዶ ጎመን ይዞ ተመለሰ። ፍርፍር ተማረ፣ አዚፋ ተማረ። ቤዛዊት ሽንኩርት ስትከትፍለት እርሱ ያማስላል። ልጆቹ በየቀኑ የተለያየ በሉ፤ ወጪው ግን ከቀድሞው አልበለጠም። ደስ አለው? አልነበረም። እያንዳንዱን ድስት ሲጥድ «ይህን ስታደርግ ኖራለች፤ እኔ ደግሞ አስቄባታለሁ» ይል ነበር።

የአስካለ እናት ተሻላቸውና አስካለ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በሚኒባስ ደረሰች። ነጠላዋ አቧራ ለብሷል፣ ፊቷ ከስቷል። ልጆቿን ስማ፣ ሰውየውን «እንደምን ሰነበትክ» ብላ በቀጥታ ወደ ጓዳ አመራች። ድስት ልትጥድ ነው። መንገዷን ዘጋባት።

«ዛሬ ተቀመጪ» አላት።

ተቀመጠች፤ ግን እንደ እንግዳ የበርጩማው ጫፍ ላይ። ሰውየው ውኃ አምጥቶ አስታጠባት። ማዕዱን ዘረጋ፤ ጎመን፣ ሽሮ፣ ድንች አልጫ። አስካለ ማዕዱን አየች፤ ከዚያ ቀና ብላ እርሱን አየች። እርሱ የሚናገረውን ሲያዘጋጅ ሰንብቷል። «በድዬሻለሁ» ሊላት፣ «አጥሩን አፍርሼዋለሁ» ሊላት፣ ብዙ ሊላት ነበር።

ልጆቹ መብላት ጀመሩ። አስካለ አልቆረሰችም። እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ልጆቿ ሲበሉ ታያለች።

ትንሿ ሶልያና ቁራሽ አንሥታ ወደ እናቷ አፍ ዘረጋች።

«እማዬ፣ ብዪ እንጂ! ዛሬ እኮ ለአንቺም ይበቃል።»

ሰውየው ወደ ልጅቱ ዞረ።

«ለአንቺም ይበቃል ማለት ምን ማለት ነው?» አለ ሰውየው።

«ልጅ የሚለውን ትሰማለህ?» አለች አስካለ ቶሎ ብላ። «ዝም በይ አንቺ፤ ብዪ።»

ቤዛዊት ግን ትልቅ ልጅ ናት። ዓይኗን ከማዕዱ ሳታነሣ ተናገረች። «እማዬ እንጀራው አይበቃም ብላ... ሁልጊዜ "ስሠራ ቀምሻለሁ" ትለናለች። እኛ ስንነሣ ድስቱን ጠርጋ ነው የምትበላው። አንዳንድ ቀን ደግሞ ድስቱን ለእኛ ትተወዋለች።»

ወገኖቼ፣ ይህ ሰው ስንት ጊዜ በዚያ ማዕድ ላይ እጁን ዘርግቶ ባርኳል! ስንት ጊዜ ጠግቦ «ተመስገን» ብሎ ተነሥቷል! አጠገቡ ያለችው ሴት መብላት አለመብላቷን አንድ ቀን አይቶ አያውቅም። ወጡ ምን ወጥ እንደሆነ ግን ያያል። ያን ማየት ይችልበታል።

ያዘጋጀው ንግግር ሁሉ ጠፋበት። ጋቢውን ፊቱ ላይ ሳበ። ልጆቹ አባታቸው ሲያለቅስ አይተው አያውቁም፤ ፈሩ። ከጋቢው ሥር «አስካለ፣ ይቅር በይኝ» የሚል ድምፅ ወጣ።

«ይቅር ለእግዚአብሔር» አለችው? የዚያን ቀን አላለችውም። «ወጡ ይቀዘቅዛል» አለችና ቆረሰች። በላች፤ እስክትጠግብ በላች። እርሱ አንድ ጉርሻ አልበላም። ይቅርታው ከብዙ ጊዜ በኋላ መጣ፤ ቀስ እያለ። እኔም አስካለን ቶሎ በይ አልላትም። እናንተም አትበሏት።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ።

አባቶቻችን በምድረ በዳ ከሰማይ የወረደላቸውን እየበሉ አጉረመረሙ ብለን እንፈርድባቸዋለን። እኛስ? የዕለት እንጀራችንን ስጠን ብለን ጠዋት እንለምናለን፤ ማታ ስትቀርብልን «ዛሬም ይኸው ነው?» እንላለን። በተገኘችው ትንሽ ነገር ሰኞን ከማክሰኞ ለማለያየት የምትጨነቅ አንዲት ሴት በየቤታችሁ አለች። ምክሩን ከየት ታመጣዋለች? ከጎረቤቷ፣ ከጓሮዋ፣ ከተረፈው ቁራሽ። ጠይቃችኋት ታውቃላችሁ? ወይስ ምክሯን ሐሜት ብላችሁ በሚስማር መትታችሁባታል?

ጾም እንጾማለን፤ መልካም ነው። ምን መብላት እንደሌለብን አጥብቀን እናውቃለን። የበላነው ከማን ድርሻ ላይ እንደሆነ ግን አናውቅም። እግዚአብሔር የትኛውን የሚጠይቀን ይመስላችኋል?

ስለዚህ ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ፣ ከማዕዱ ከመነሣታችሁ በፊት፣ አንድ ነገር ጠይቁ፤ በልታ እንደሆነ ጠይቁ። ግን እርሷን አትጠይቋት፤ እርሷማ «በልቻለሁ» ነው የምትለው።

ልጆቻችሁን ጠይቁ።